ለሚለምን መስጠት፦ የተሳሳትን እንደሆነ ማን ይከፍላል?

ወር በገባ በ23፣ በጠዋት፣ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ በኩል ብታልፉ ጥያቄው ራሱ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል። ነዳያን ከአጥሩ ጥግ ጀምሮ ተደርድረዋል። «ስለ ጊዮርጊስ!» ይላል አንዱ። «ዓይነ ስውሩን አትለፉኝ!» ይላል ሌላው። አንዲት እናት ምንም አይሉም፤ ነጠላቸውን ዘርግተው ብቻ ተቀምጠዋል። ትንሽ ፈንጠር ብሎ ከእናንተ የሚጠነክር ጎረምሳ እጁን ዘርግቷል። አንዲት ትንሽ ልጅ ደግሞ የልብሳችሁን ጫፍ ይዛ ትከተላለች። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ሁለት አሥር ብር ነው።

ለማን ይሰጣል? ወይስ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ማለፍ ይሻላል?

ይህን ጥያቄ ስታነሱ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ሁለት መልስ ነው። አንዱ «ስጥ፣ ፍርዱ የፈጣሪ ነው» ይላል። ሌላው «አትስጥ፣ ስንፍና ታስተምራለህ» ይላል። የሚገርመው፣ ሁለቱንም አንድ ሰው በአንድ ቀን ይላቸዋል። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የመጀመሪያውን፣ ከሰዓት ባጃጅ ውስጥ ሁለተኛውን። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ የሚጀምረው ከአጠያየቃችን ነው። በጅምላ ስንጠይቅ መልሱም በጅምላ ይመጣል። እጃቸውን የዘረጉት ሰዎች ግን ጉዳያቸው ለየቅል ነው።

ማን ነው የሚለምነው?

እኛ አገር ልመና ሁልጊዜ የውርደት ነገር አልነበረም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ቅኔውን ለዛሬ ያደረሱት ደግሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ በየደጁ የለመኑ ተማሪዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቀዬ ርቆ ይሄዳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ መንደር ለመንደር ይዞራል። ቁራሽ እንጀራም ሆነ ቆሎ የሰጡትን ተቀብሎ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ከዚያ ትምህርቱን ይቀጥላል። የአካባቢው ሰው ትምህርት ቤቱን ሲደጉም የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ተማሪ «ጤነኛ ነህ፣ ለምን አትሠራም?» ብሎ መጠየቅ ሥራው ምን እንደሆነ አለማወቅ ነው።

ላሊበላዎችም አሉ። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑት፣ የሰጣቸውን የሚመርቁት። ልመናውን ካቆምን ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት በዘር ሲወርድ ኖሯል። እምነቱን አልቀበለውም። ግን ጤነኛ ሆኖ የሚለምንን ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው ብሎ መደምደም ምን ያህል ችኮላ እንደሆነ ያሳየኛል። ጃንጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የሚጠይቁት ደግሞ ሌላ ናቸው። እነሱ ለራሳቸው አይደለም የሚለምኑት። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ነውር የለውም፣ አለቀ።

ወደ ዋናው እንምጣ። ፈለገ ሕይወት እና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ከሩቅ ወረዳ ሁሉ ሕመምተኛ ይመጣባቸዋል። አንድ ገበሬ በሬውን ሸጦ ሚስቱን ያመጣል። ምርመራው ይራዘማል፣ የመድኃኒቱ ዋጋ ካሰበው በላይ ይሆናል፣ ማደሪያና ምግብ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ኪሱ ባዶ ይሆናል። «ወደ አገሬ መሳፈሪያ ጎደለኝ» ብሎ መንገድ ላይ ይቆማል። አስቸጋሪው ነገር፣ ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል የሚላት ሌላ ሰው አለ። እሱ የሚሄድበት አገር የለውም። ነገም እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ታገኙታላችሁ።

ተፈናቃዮችም አሉ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጀመረ፤ እሱ ረገብ ሲል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ትናንት እህል የሚሸጥ ሰው ዛሬ የሚሸምትበት አጥቷል። በዚህ ላይ ክረምቱን ጨምሩበት። ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል የሚያልቅበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት ወቅት ነው። ያኔ ከገጠር ወደ ከተማ የሚገባው ይበዛል፤ መስክ ሲያብብ፣ እሸት ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው «የኔ ቢጤ» ሆኖ አይቀርም። ለሁለት ወር ለምኖ ማረሻው ጋ የሚመለስ ገበሬ ነው።

ሁለት ዓይነት ስሕተት

መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ስንሰጥ ስለ እሱ የምናውቀው ነገር የለም። ቁስሉ እውነተኛ ይሁን አይሁን፣ ልጁ የራሱ ይሁን አይሁን፣ መሳፈሪያ ያለው የት ለመሄድ እንደሆነ አናውቅም። ስለዚህ አንዳንዴ መሳሳታችን አይቀርም። የሞራሉ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ መሳሳታችን ካልቀረ፣ በየትኛው በኩል ብንሳሳት ይሻላል?

አንደኛው ስሕተት ለማያስፈልገው ሰው መስጠት ነው። የዚህን ዋጋ የምንከፍለው እኛ ነን። አሥር ብር፣ ከዚያ ደግሞ «ተሸወድኩ» የምትለዋ ስሜት። ሁለተኛው ስሕተት የሚያስፈልገውን ሰው መንፈግ ነው። የዚህን ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው። እራት ሳይበላ ያድራል፣ ወይም የታመመች ሚስቱን ይዞ መንገድ ላይ ያድራል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስቀምጧቸው እኩል አይደሉም።

እስኪ ራሳችንን እንታዘብ። ነጋዴ በኪሎ ሃምሳ ብር ቢጨምርብን አጉረምርመን እንረሳዋለን። አሥር ብር የወሰደብን የውሸት ለማኝ ግን ዓመት ሙሉ ይወራል። «እግሩን አጥፎ አሥሮ ነበር፤ ማታ ሲሮጥ አየሁት!» ይባላል። ወሬው አንዳንዴ እውነት ነው። ግን የሚያንገበግበን ብሩ አይመስለኝም። ደግነታችን መጫወቻ ሆነ የሚለው ነው። ለኩራታችን ስንል ደግሞ የሌላውን እራት መወሰን ትክክል አይደለም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን የነበሩ ሁለት አባቶች በዚሁ ጉዳይ የተለያየ ነገር ተናግረዋል። ሁለቱም በስማቸው ከሚጠራ ቅዳሴ የተነሣ ለምእመናን እንግዳ አይደሉም። ዮሐንስ አፈወርቅ የሚመጸውት ሰው ወደብ ነው ይላል። ወደብ መርከብ የተሰበረበትን ሁሉ ይቀበላል፤ ክፉ ነህ ደግ ነህ ብሎ አይመረምርም። ስለዚህ የድሃውን ኑሮ አትመርምሩ፣ ችግሩ ይበቃችኋል ባይ ነው። የቂሣርያው ባስልዮስ ደግሞ በአንድ ደብዳቤው በእውነት የተቸገረውን ከስግብግቡ ለመለየት ልምድ ያስፈልጋል ይላል። ገንዘቡን በዚህ ልምድ ላለው ሰው መስጠትና እሱ እንዲያከፋፍል ማድረግ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለው። ባስልዮስ ይህን ያለው ላለመስጠት ሰበብ ፈልጎ አይደለም። ከከተማው ውጭ ለድሆችና ለሕሙማን ትልቅ መጠለያ ያሠራ ሰው ነው።

ሁለቱን ሳነባቸው የሚጣሉ አይመስለኝም። አፈወርቅ የሚናገረው ስለ ዛሬ እራት ነው። ባስልዮስ የሚናገረው ስለ ብዙ ገንዘብ ነው። እኔ ይህን ወደ መንገዳችን ሳመጣው እንዲህ ይሆናል፦ ትንሹን ሳትመረምሩ ስጡ፣ ትልቁን መርምራችሁ ስጡ። ለአሥር ብር ብላችሁ ሽማግሌን እንደ መርማሪ ፖሊስ አትጠይቁ። አምስት ሺህ ብር ልትሰጡ ከሆነ ግን ጠይቁ፣ ደውሉ፣ ሂዱና እዩ።

«ግን አጭበርባሪው በለመደ ቁጥር ይበዛል፣ እውነተኛውንም ያስንቀዋል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ይህን ተቃውሞ አላጣጥለውም። የሐሰቱ ልመና ትልቁ ጉዳት ከእኛ ኪስ የሚወስደው አይደለም፤ እውነተኛውን ሰው አላምንም እንድንል ማድረጉ ነው። እሱን ግን በየመንገዱ አሥር ብር በመከልከል አናጠፋውም። የሚቀንሰው ከፍ ብሎ በሚሠራ ሥራ ነው፤ እመለስበታለሁ።

«ይጠጣበታል»

ሌላው የተለመደ ቃል ነው። በዚህ ላይ ጥናት አለ። ሁለት የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ኢቫንስና አና ፖፖቫ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ከላቲን አሜሪካ፣ ከአፍሪካና ከእስያ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ ድሃ በእጁ ጥሬ ገንዘብ ሲሰጠው ለመጠጥና ለሲጋራ የሚያወጣው ይጨምራል ወይ? በአጠቃላይ አይጨምርም፤ እንዲያውም የቀነሰበት ቦታ አለ የሚል ነው ውጤቱ።

ይህን ግን ከልኩ በላይ መለጠጥ የለብንም። ጥናቱ በፕሮግራም ገንዘብ ስለሚሰጣቸው ቤተሰቦች ነው። ማስቲሽ እየሳበ መንገድ ላይ የሚያድረውን ልጅ አይመለከትም። እሱ ጋ ሱስ አለ፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅም ጥናት አያስፈልግም። ለእሱ ዳቦና ሻይ ግዙለት፣ ቢቻል አብራችሁት ተቀመጡ። ለአዋቂው ግን እኔ ብሩን እመርጣለሁ። ሰውዬው ዳቦ ሳይሆን የራስ ምታት መድኃኒት ሊፈልግ ይችላል። ወይም የቤት ኪራይ ማሟያ ጎድሎት ይሆናል። ምን እንደሚያስፈልገው ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል። አንዲት አዛውንት ሲጋራ ቢገዙበት እንኳ፣ እኔ በሰጠሁት ብር አንድ ቀን ደስ አላቸው። ይህን የምለው ሁሉም እንደማይስማማ እያወቅሁ ነው።

ልጅ ሲሆን ስሌቱ ይገለበጣል

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአዋቂ ነው። ለሕፃን አይሠራም። ምክንያቱም ለሕፃን በመስጠት ስንሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

ፒተር ሲንገር የሚባል አውስትራሊያዊ ፈላስፋ በ1972 እ.ኤ.አ. የታወቀ ምሳሌ አቀረበ። ጥልቀት በሌለው ኩሬ አጠገብ ስታልፉ ሕፃን እየሰጠመ ነው። ገብታችሁ ብታወጡት ልብሳችሁ በጭቃ ይበላሻል፣ ሌላ ጉዳት የለባችሁም። ማንም «ልብሴ» ብሎ አያልፍም። ታዲያ በትንሽ ወጪ ሰው ማዳን እየቻልን ለምን እናልፋለን? ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ምሳሌው ቅርብ ነው፤ እኔም እስከዚህ ድረስ እቀበለዋለሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር እንጨምርበት። ሕፃኑን በየጠዋቱ እየገፋ ኩሬው ውስጥ የሚጨምር ሰው ቢኖርስ? የሚገፋውም ልጁን የሚያወጣ መንገደኛ ሁልጊዜ ሽልማት ጥሎ ስለሚሄድ ቢሆንስ? ልጁን ማውጣት ግዴታ እንደሆነ ይቀራል። ሽልማቱን መጣል ግን ነገ ደግሞ እንዲገፋ መክፈል ነው።

ለሚለምን ሕፃን ብር መስጠት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል። ከልጁ ጀርባ ሁልጊዜ ክፉ ሰው አለ እያልኩ አይደለም። የሕፃን ኪራይ አለ፣ ሆን ብለው ያቆስላሉ የሚለውን ወሬ ሁሉ አላምንም። ብዙ ጊዜ ከጀርባ ያለችው የተቸገረች እናት ናት። ግን ስሌቱ አንድ ነው። ሕፃን ከአዋቂ የበለጠ ካገኘ፣ ቤተሰቡ ለመንገድ የሚመርጠው ሕፃኑን ነው። ባገኘ ቁጥር ትምህርት ቤቱ እየራቀው ይሄዳል። ዕድሜው ጨምሮ ፊቱ ማሳዘን ሲያቆም ደግሞ ገቢው ይቀራል። ያኔ በእጁ ሙያ የለም፣ ፊደልም የለም።

ለቱሪስት መንገድ የሆኑ ቦታዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ዘጌ ጀልባ ሲጠጋ፣ ጢስ ዓባይ መኪና ሲቆም፣ ልጆች እየሮጡ ይመጣሉ። ብር፣ እስክሪብቶ፣ ካራሜላ። እንግዳው በደግነት ያከፋፍላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ልጆቹ የተማሩት ነገር ግን አለ፦ ጀልባ ሲመጣ ከክፍል መውጣት ያዋጣል። እስክሪብቶ ለመስጠት የፈለገ እንግዳ ካጋጠማችሁ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እንዲሰጥ ንገሩት። እንግዳው ፎቶው ይቀርበታል፣ ልጁ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በረፋድ መንገድ ላይ ያየነው ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤት የቀረ አይደለም። በፈረቃ የሚማር አለ። ማስቲካና ሶፍት የሚሸጥ፣ ሊስትሮ የሚሠራም አለ። እነዚህን ከለማኝ ጋር አታምታቷቸው። ሶፍቱን ግዙ፣ ጫማችሁን አስጠርጉ፣ ሒሳቡን ሳትከራከሩ ክፈሉ። ሚዛን ይዘው ጥላ ስር የሚቀመጡት አባትም እንዲሁ። ኪሎዬን አውቀዋለሁ ብላችሁ አትለፏቸው።

ታዲያ ልብሳችንን ይዛ የምትከተለዋን ልጅ ምን እናድርጋት? ብር አትስጧት። ከተራበች እዚያው የምትበላውን ግዙላት፤ በእጇ ተይዞ የማይሸጥ፣ ማታ የማይወሰድባት ነገር። ስሟን ጠይቋት። ከማን ጋር እንደመጣች ጠይቋት። እናቷ አጠገብ ካለች የምትሰጡትን ለእናቷ ስጡ። እናት አዋቂ ናት፣ ከላይ ያልኩት ለእሷ ይሠራል። ከኋላ የሚቆጣጠራት፣ ብሩን የሚሰበስብ ሰው ካያችሁ ግን ጉዳዩ የምጽዋት መሆኑ ቀርቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ የመጠበቅ መብት አላቸው ይላል። ለፖሊስ ወይም በየክፍለ ከተማው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት መንገር ይገባል። ጥሩ መልስ ታገኛላችሁ ብዬ ቃል አልገባም። አንዳንዴ ትሄዱና «ነገ ኑ» ትባላላችሁ።

ብር ያለመስጠቱ ከባድ ነው። ልጅቷ «ስለ ማርያም» ስትላችሁ አንጀት ይበላል። ማታ ባዶ እጇን ብትመለስ ትመታ ይሆናል የሚለውም ይከነክናል። እኔ ራሴ ይህን ደንብ ሁልጊዜ አላከብረውም፤ የታመመች ልጅ ካየሁ እሰጣለሁ።

እጃቸውን የማይዘረጉት

ቁርኣን በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በአንቀጽ 273፣ ምጽዋት ከሚገባቸው መካከል ስለ አንድ ዓይነት ድሆች ይናገራል። ከመጠየቅ ስለሚቆጠቡ የማያውቃቸው ሰው ሀብታሞች ይመስሉታል፤ ሰውን በችክታ አይለምኑም። ይህን አንቀጽ በጣም እወደዋለሁ። የእኛን ሰፈር ያየ ሰው የተናገረው ይመስላል።

እስኪ አስቡት። በጡረታ የሚኖሩ መምህር። ባሏ ሞቶባት እንጀራ እየሸጠች ሦስት ልጅ የምታሳድግ ሴት። ጤፍ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀንሱት ቁርሳቸውን ነው፣ ከዚያ እራታቸውን። ይሉኝታ ይዟቸው አይናገሩም። ለቅሶ ቤት ይመጣሉ፣ የእድር መዋጮ ይከፍላሉ፣ ነጠላቸው ንጹሕ ነው። እነሱ ጊዮርጊስ በር ላይ አይቀመጡም። ምጽዋታችን ሁሉ እጅ ለዘረጋ ብቻ ከሆነ እነሱን በጭራሽ አናገኛቸውም። ጮክ ብሎ የሚጠይቀው ከሁሉ የባሰበት ላይሆን ይችላል።

ለእነዚህ የሚሰጠው በዘዴ ነው። «ከገጠር ጤፍ መጣልን፣ ለሁላችንም በዛብን» ይባላል። የልጅየው የትምህርት ቤት ክፍያ በዝምታ ይከፈላል። ወንጌሉ «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የሚለው እዚህ ላይ ሥራ አለው። የሰጪውን ትሕትና ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ የተቀባዩንም ፊት ይጠብቃል።

ይህን ካነሣሁ አይቀር፣ ካሜራው ጉዳይ። ቲክቶክ ላይ ለችግረኛ ብር ሲሰጡ ራሳቸውን የሚቀርጹ አሉ። አዛውንቷ ሲያለቅሱ፣ ጉልበት ሲስሙ፣ ሙዚቃ ገብቶበት ይለቀቃል። «ሌላውን ለማነሣሣት ነው» ይላሉ። አንዳንዱ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በዚያ መንገድ ቤት የተሠራላቸውም አሉ። ግን አዛውንቷ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ወይ? ብሩ በአንድ እጅ፣ ስልኩ በሌላው እጅ ሆኖ ሲመጣ ፈቃድ የሚባለው ነገር የት አለ? ፊታቸው ሳይታይ ታሪካቸውን መናገር ይቻላል። ፊታቸው ካልታየ ተመልካች አይኖርም የሚል ካለ፣ ቪዲዮው ለማን እንደተሠራ ነገረን።

ከሳንቲሙ በላይ

በሐዲስ የሚተረክ ነገር አለ። አንድ ሰው ለመለመን ወደ ነቢዩ መጣ። ቤትህ ምን አለ ተባለ። አንድ ጨርቅና አንድ የውኃ መጠጫ ብቻ ነበረው። ሁለቱ በሁለት ዲርሃም ተሸጡለት፤ በአንዱ ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ ተደረገ። እንጨት እየቆረጠ እንዲሸጥ፣ ለ15 ቀንም እንዳይመለስ ተነገረው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ማየት የሚገባን አንዱ ቅደም ተከተሉ ነው። ከመጥረቢያው ጋር ምግቡም አለ። «ሥራ ይሥሩ!» ብለን የምናልፈው እኛ ምግቡንም መጥረቢያውንም አልሰጠንም። ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለውም ስለማይችል ሰው አይናገርም። ዓይነ ስውሩ ላይ ይህን ጥቅስ መወርወር ጭካኔ ነው።

ምግቡን በኅብረት የመስጠት ልምድ እኛ ጋ ሞልቷል። ሰንበቴ አለ። አባላቱ ተራ ገብተው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ይዘው ይመጣሉ፤ ነዳያንም አብረው ይበላሉ። ዝክር አለ፣ ተዝካር አለ። በእስልምናው ዘካ አለ፤ ከተቀመጠ ሀብት በዓመት 2.5 በመቶ፣ ለማን እንደሚሰጥም በስምንት ክፍል ተለይቶ የተቀመጠ። የሰንበቴ ሰዎች በረጅም ጊዜ የለመዱት ዓይን አላቸው። ማን በእውነት እንደሌለው፣ ማን በየደብሩ እየዞረ እንደሚሰበስብ ያውቃሉ። ባስልዮስ «ልምድ ያለው ሰው» ያለው እኮ እንዲህ ዓይነቱን ነው። የሰፈር እድሮችም ለሞተ ሰው ያላቸውን ፍጥነት ግማሹን እንኳ ለሚኖር ሰው ቢያውሉት ብዙ ይለወጥ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን በሰዓታት ይተከላል። ሲራብ ግን ስብሰባ የለም።

የመንግሥትም ድርሻ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት እንክብካቤ ያደርጋል ይላል። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ11 ከተሞች ተጀመረ፤ ኋላም ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፋ። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሠርቶ ይከፈለዋል፣ ከሚያገኘውም ይቆጥባል። መሥራት የማይችለው በቀጥታ ይደገፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ፍላጎቱና ገንዘቡ አለመገናኘታቸው፣ መታወቂያና ቀበሌ የሌለው ሰው ደግሞ መዝገብ ላይ ለመግባት መቸገሩ ነው። መንገድ ላይ ያለው ብዙው ሰው እንዲህ ነው። ለዚህ ነው «ግብሬን እከፍላለሁ፣ የቀረው የመንግሥት ነው» የሚለው መልስ ለእኔ የማይዋጥልኝ። በዓል ሲቃረብ ለማኞችን አፍሶ ከከተማ ማውጣትም መፍትሔ አይደለም። ጎዳናው ለአንድ ሳምንት ያምራል፣ ሰዎቹ ግን አሁንም ተርበዋል።

መቄዶንያን የሚያህል ተቋም ከአንድ ሰው ሐሳብ እንደተነሣ ደግሞ አንርሳ። ቢኒያም በለጠ የወደቁ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከመንገድ እያነሣ ነው የጀመረው። ራቁቱን መንገድ ላይ ለሚሄድ የአእምሮ ሕመምተኛ ሳንቲም ምን ያደርግለታል? ለእሱ የሚያስፈልገው ሕክምናና መጠለያ ነው። ወርኃዊ ድጋፍ መስጠት ለምትችሉ፣ ለተቋም የምትሰጡት ብር ለእሱ ከእናንተ እጅ በተሻለ ይደርሰዋል።

ስንትና እንዴት?

በየወሩ ከገቢያችሁ ለዚህ የሚሆን መጠን ለዩ። አሥራት የሚያወጣ አለ፣ ዘካ የሚያወጣ አለ፣ ሁለቱንም የማያወጣ ሁለት መቶ ብር ለይቶ ያስቀምጥ። ከፊሉን ዘርዝራችሁ ኪስ ውስጥ አድርጉት፤ ሳትመረምሩ የምትሰጡት እሱ ነው። ሲያልቅ አልቋል፣ እስከ ቀጣዩ ወር ሕሊናችሁን አታሠቃዩ። ቀሪውን ለሰንበቴው፣ ለምታውቁት ጎረቤት ወይም ለተቋም አድርጉት። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሁሉ ማዳን የእናንተ ግዴታ አይደለም።

የሌላችሁ ቀን ደግሞ ቢያንስ ሰላም በሉ። ዓይን ለዓይን ተያይታችሁ «ዛሬ አልያዝኩም እናቴ» ማለት ስልክ የሚያወሩ መስሎ ከማለፍ ይሻላል። ቁርኣኑ ለማኝን አታመናጭቅ ይላል። ጴጥሮስም በመቅደሱ በር ለነበረው ሽባ በመጀመሪያ ያለው «ወደ እኛ ተመልከት» ነው፤ «ብርና ወርቅ የለኝም» የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያንን ሽባ በየቀኑ ተሸክመው በር ላይ የሚያስቀምጡት ሰዎች እንደነበሩም እዚያው ተጽፏል። ከለመነው ይካፈሉ እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይናገርም።

የቀረኝ አንድ ነገር በድምፅ ማጉያ የሚዞረው መኪና ነው። የታማሚው ፎቶ በባነር ተለጥፎ፣ ሙዚቃ እያሰማ፣ «ለሕክምና እርዳን» እያለ ያልፋል። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ብዙ ብር ስለሆነ መርምሩ። የሆስፒታሉ ወረቀት የቅርብ ጊዜ ነው ወይ? የባንክ ሒሳቡ በታማሚው ወይም በቤተሰቡ ስም ነው ወይ? ባነሩ ላይ ያለው ስልክ ሲደወል የሚያነሣው ሰው በሽታውንና ሐኪም ቤቱን ያውቃል ወይ? ሦስቱም ከተሟሉ ከመኪናው ሣጥን ይልቅ በሒሳቡ አስገቡ። መኪናው፣ ሹፌሩና ድምፅ ማጉያው የሚከፈላቸው ከሣጥኑ ሊሆን ይችላልና።